ጥቅሱ ለማን መልስ ነበር?

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። እንግዳ የሚሄደው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ለማየት ነው። የከተማችን ሰው ዘጌን በቡናዋ ያውቃታል። እኔ ግን ወደዚያ ማዶ ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ አንድ ሰው ነው። በ1868 እዚያ የተወለዱት፣ በ1908 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ያሳተሙት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ማታ ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ሁለት ጓደኞቼ በእሳቸው ምክንያት ተጣሉ። አንደኛው ስልኩ ላይ የአፈወርቅን ፎቶ ከፍቶ ነበር። ከፎቶው ሥር ስለ አጼ ዮሐንስ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ይኸው! በዘመኑ የነበረ ሰው የመሰከረው ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «የባንዳ ምስክርነት!» ብሎ ብድግ አለ። ቡናው ቀዘቀዘ። ቀሪዎቻችን ለማስታረቅ ሞከርን፤ አልሆነልንም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው የታወቀኝ። ዓረፍተ ነገሩ መቼ እንደተጻፈ፣ የት ሆነው እንደጻፉት፣ ማን እንዲያነበው ፈልገው እንደነበር ከመካከላችን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

እንዲህ ያለ ጠብ የኛ ጠረጴዛ ብቻ አይደለም። የዛሬ ክርክራችን ግማሹ የሚካሄደው በሞቱ ሰዎች ጥቅስ ነው። ፎቶ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ስድብ። ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ በዚህ ክልል ያለን ሰዎች ባለፉት ዓመታት አይተናል። ለዚህ ነው አንድ እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ ሕይወታቸውን ሙሉ የደከሙበትን ሐሳብ እዚህ ላስረዳ የፈለግሁት። ኩዌንቲን ስኪነር ይባላሉ። ሙያቸው የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ ነው።

ስኪነር በ1940 ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ኦልድሃም ተወለዱ። ካምብሪጅ ተማሩ። በተመረቁበት በ1962 ገና በ21 ዓመታቸው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ሆኑ። በ1970ዎቹ ለጥቂት ዓመታት አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ሠሩ። በ1978 ስለ ዘመናዊ የፖለቲካ አስተሳሰብ መሠረቶች ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጡ። በ1996 ካምብሪጅ ውስጥ ትልቁ ወደሚባለው የታሪክ ወንበር ወጡ። በ2008 ወደ ለንደን ተዛወሩ። ይህ የሥራ ታሪካቸው ነው፤ ብዙ አያቆየንም። የሚያቆየን በ1969፣ ገና 30 ሳይሞላቸው ያሳተሙት አንድ ጽሑፍ ነው።

የዚያ ዘመን መምህራን ታላላቅ መጻሕፍትን የሚያነቡበት ልማድ ነበራቸው። ፕሌቶ፣ ማኪያቬሊ፣ ሆብስ፣ ሎክ ሁሉ በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ዘላለማዊ ጥያቄ የሚከራከሩ ይመስላቸው ነበር። ፍትሕ ምንድን ነው? መንግሥት ምንድን ነው? አንባቢው መጽሐፉን ደጋግሞ ካነበበ መልሱን ያገኛል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ሐሳብ የዘመኑ ኢኮኖሚ ጥላ ነው፣ ብቻውን ዋጋ የለውም ይሉ ነበር። ስኪነር ሁለቱንም አልተቀበሉም።

የእሳቸው መነሻ ቀላል ነው። ሰው ሲናገር አንድ ነገር እያደረገ ነው። ይህን ያገኙት ከፈላስፎቹ ከኦስቲንና ከቪትገንስታይን ነው። ለእኛ ለማስረዳት ግን ፈላስፋ አያስፈልግም። ቄሱ «ገዝቼሃለሁ» ሲሉ ስለ ግዝት ወሬ እየነገሩህ አይደለም፤ እየገዘቱህ ነው። ሽማግሌ «እግዜር ያሳድግህ» ሲል እየመረቀህ ነው። ታንኳ ቀዛፊው ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ነፋስ አለ» ቢልህ ስለ አየር ጠባይ እየዘገበ አይደለም። አትሂድ እያለህ ነው። የቃላቱን ትርጉም በሙሉ አውቀህ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ካልተረዳህ፣ የሰማኸው ነገር የለም።

መጽሐፍም እንደዚያው ነው ይላሉ ስኪነር። ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ አንድ ነገር ነው። ጸሐፊው በእነዚያ ቃላት ምን እያደረገ እንደነበር ማወቅ ሌላ ነው። ማንን እየመለሰ ነው? ማንን እየነቀፈ ነው? የትኛውን የታወቀ አባባል እየገለበጠ ነው? ይህን ለማወቅ መጽሐፉን ብቻ ማንበብ አይበቃም። በዚያው ዘመን የተጻፉትን ተራ መጻሕፍት፣ ስብከቶች፣ የክርክር ወረቀቶች ማንበብ ያስፈልጋል።

ምሳሌ ልስጥ። የእንግሊዙ ጆን ሎክ ስለ መንግሥት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1689 ማብቂያ ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ ተገልብጦ ነበር። ስለዚህ ለዘመናት ሰው ሁሉ ሎክ የጻፈው ያንን ለውጥ ለመደገፍ ነው ሲል ኖረ። በ1960 ፒተር ላስሌት የሚባሉ የካምብሪጅ ምሁር መጽሐፉን እንደገና መረመሩት። አብዛኛው ክፍል የተጻፈው ከለውጡ በፊት፣ በ1680 ገደማ መሆኑን አሳዩ። ያን ጊዜ የንጉሡ ወንድም ዙፋን እንዳይወርስ ትግል ነበር። እንግዲህ ያው መጽሐፍ፣ ያው ቃል፣ ግን ሌላ ድርጊት ሆነ። ያለፈን ለውጥ የሚያጸድቅ ጽሑፍ መስሎ የኖረው፣ ለሚመጣ አመጽ የሚቀሰቅስ አደገኛ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ላስሌት ያገኙትን ስኪነር ዘዴ አደረጉት።

ሁለተኛው ምሳሌ ማኪያቬሊ ነው። ይህን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ወደ ዘጌ ይመልሰናል። ማኪያቬሊ የፍሎረንስ መንግሥት ሹም ነበር። በ1512 ከተማዋን ቀድሞ ይገዛ የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ ወደ ሥልጣን ሲመለስ ተሻረ። ታሰረ፣ ተሠቃየ። በ1513 ገጠር ተቀምጦ ስለ ገዢ የሚያወራ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ለማን አበረከተው? ለዚያው ለሜዲቺ ቤተሰብ። ሥራ ይፈልግ ነበር። ግን መጽሐፉ ልመና ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ለገዢ ምክር የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሮማዊውን የኪኬሮን ትምህርት ይደግም ነበር። ኪኬሮ ጉልበት የአንበሳ፣ ተንኮል የቀበሮ ነው፣ ሁለቱም ለሰው አይገቡም ብሏል። ማኪያቬሊ እነዚያኑ ሁለት አውሬዎች አንስቶ፣ ገዢ ሁለቱንም መሆን አለበት አለ። የዘመኑ አንባቢ ኪኬሮን በቃሉ ያውቃል። ሲያነብ ይደነግጣል። እኛ ግን ኪኬሮን ሳናውቅ ስናነበው «ማኪያቬሊ ክፉ ሰው ነው» ብለን እናልፋለን። ድርጊቱ አመለጠን።

እስቲ አሁን የጓደኞቼን ጠብ በዚህ ዓይን እንየው።

አፈወርቅ በወጣትነታቸው ጣሊያን ሄደው ሥዕል ተማሩ። በአድዋ ጦርነት ዘመን ከጣሊያን ጋር ቆመዋል በሚል በአገራቸው ስማቸው ጠፋ። ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ እያስተማሩ ኖሩ። ያ ዓረፍተ ነገር ያለበትን፣ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉትን መጽሐፍ በ1909 ሮም ላይ ሲያሳትሙ፣ ከአገር ርቀው የሚኖሩ፣ ንጉሡን ያስቀየሙ ሰው ነበሩ። ምኒልክ ገና በሕይወት አሉ። አጼ ዮሐንስ ከሞቱ ግን 20 ዓመት አልፏል። ምኒልክን ሰማይ የሚሰቅል፣ ዮሐንስን የሚያወርድ መጽሐፍ በዚህ ሁኔታ ሲወጣ ምን እያደረገ ነው? እኔ እንደማነበው ደጅ እየጠና ነው። ከሮም ሆኖ፣ በማተሚያ ቤት በኩል፣ የምኒልክን ደጅ። እናም አንደኛው ጓደኛዬ «ምስክርነት» ያለው ነገር ምስክርነት ለመሆን አልተጻፈም። የአድዋው ወቀሳ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለተኛው ጓደኛዬ «ባንዳ» ያለው ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት ዘሎ ነው። አፈወርቅ ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ከወራሪው ጋር መሥራታቸው እውነት ነው፤ ያ ግን ከ1936 በኋላ የሆነ ነገር ነው። የ1909ኙን ዓረፍተ ነገር በ1936ቱ ሥራ መተርጎም አይቻልም።

ለዚህ ስህተት ስኪነር ስም አላቸው። በእኛ አማርኛ «የነገን ለትናንት ማሸከም» ልንለው እንችላለን። አንድ ጽሑፍ ኋላ ያመጣውን ውጤት ወስደህ፣ ጸሐፊው ያን አስቦ ነበር ትላለህ።

ከዚህ ስህተት አገራችን ውስጥ ከዋለልኝ መኮንን በላይ የተጎዳ ጽሑፍ ያለ አይመስለኝም። ዋለልኝ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረባት አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የወጣችው በኅዳር 1969 ነው፤ የስኪነር ጽሑፍ በወጣበት ዓመት። ከሦስት ዓመት በኋላ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። የዛሬው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ነው። በመካከሉ 26 ዓመት አለ። አንድ አብዮት፣ አንድ ወታደራዊ መንግሥት፣ ብዙ ጦርነት አለ። እኛ ግን አንዳችን ዋለልኝን የአንቀጽ 39 አባት አድርገን እናመሰግነዋለን። ሌላችን በዚያው ምክንያት እንረግመዋለን። ሁለታችንም ወረቀቱን የምናነበው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው።

በዚያ ኅዳር ዋለልኝ ከማን ጋር ነበር የሚከራከረው? ከገዛ ጓደኞቹ ጋር። ኤርትራ ውስጥ ጦርነት ከተጀመረ 8 ዓመት ሆኗል። ባሌ ውስጥ አመጽ አለ። ግቢው ውስጥ ተማሪው ስለ መሬት ላራሹ በግልጽ ይጮኻል፤ ስለ ብሔረሰብ ግን ሲነሳ ይፈራል። ወረቀቱ ያንን ዝምታ ለመስበር የተጻፈ ነው፣ የአንድን ክፍለ ዘመን ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ አይደለም። ይህን ማለት ዋለልኝ ልክ ነው ማለት አይደለም። ተሳስቷል ማለትም አይደለም። ክርክሩ ልክ ይሁን አይሁን ከመፍረድህ በፊት ክርክሩን ማወቅ አለብህ ነው የምለው።

ይህ ዘዴ ለእኛ አገር እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ከጣና ወጣ ብሎ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጎጃም አብነት ትምህርት ቤቶች ይሂድ። አንድምታ የሚያስተምሩ መምህር ዳዊትን ሲተረጉሙ መዝሙሩን እንዲሁ አያነቡትም። መጀመሪያ ምክንያቱን ይናገራሉ። ይህኛው ስለ ሕዝቅያስ ነው፤ ያኛው ስለ መቃብያን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቃሉ የሚገቡት። ቅኔም እንደዚያው ነው። ለማን፣ በየትኛው በዓል፣ በምን ነገር ላይ እንደተዘረፈ ካልተነገረህ ሰሙን ይዘህ ወርቁ ያመልጥሃል። አያቶቻችን «ምክንያቱን ሳትይዝ ቃሉን አትተርጉም» የሚለውን ልማድ ለዘመናት ሲኖሩበት ቆይተዋል። ለቅዱስ መጽሐፍና ለቅኔ ያደረግነውን ጥንቃቄ ለፖለቲካ ጽሑፍ የነፈግነው እኛ የስልክ ዘመን ሰዎች ነን። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

የስኪነር ሁለተኛ ትልቅ ሐሳብ ስለ ነጻነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ዛሬ «ነጻነት ምንድን ነው?» ብትል ብዙ ሰው «የሚከለክለኝ ሲጠፋ» ይላል። ይህን ሐሳብ አጥብቆ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 ነው። ሰውነትህን የሚያግድ ነገር ከሌለ ነጻ ነህ። በ1958 አይዛያ በርሊን የሚባሉ ፈላስፋ ይህንኑ ሐሳብ በዘመናዊ ቋንቋ አጸኑት። ስኪነር የድሮ መጻሕፍትን ሲያገላብጡ ሆብስ ራሱ መልስ እየሰጠ እንደነበር አዩ። ከሆብስ በፊት ሌላ፣ የቆየ ሐሳብ ነበር። የመጣው ከሮማ ሕግ ነው።

የሮማ ሕግ ሰውን በሁለት ይከፍላል፤ ጨዋና ባሪያ። ባሪያ ማለት በሌላ ሰው እጅ ያለ ማለት ነው። አስተውሉ፣ የሚገረፍ አላለም። በሰንሰለት የታሰረ አላለም። ጌታው ደግ ሊሆን ይችላል። ጌታው ሩቅ አገር ሊሆን ይችላል። ባሪያው ቀኑን ሙሉ የፈለገውን እየሠራ ሊውል ይችላል። በሆብስ ሚዛን ይህ ሰው ነጻ ነው፤ ማንም አላገደውምና። በሮማውያኑ ሚዛን ግን ባሪያ ነው። ምክንያቱም የሚኖረው በጌታው ፈቃድ ነው። ጌታው ነገ ልቡ ቢለወጥ ማንም አይጠይቀውም። ነጻነትን የሚገድለው ዱላው ብቻ አይደለም፤ ጥገኝነቱ ራሱ ነው።

ሆብስ በዚህ ላይ ሲመልስ የጣሊያኗን ከተማ ሉካን ያነሳል። የሉካ ሰዎች በግንቦቻቸው ላይ «ነጻነት» ብለው በትልቁ ጽፈዋል። ቢሆንም የሉካ ሰው የቱርክ ሱልጣን ከሚገዛት ከቁስጥንጥንያ ሰው የበለጠ ነጻ ነው አትበሉኝ ይላል፤ ሁለቱም ሕግ አለባቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጄምስ ሃሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ መለሰለት። በቁስጥንጥንያ ትልቁ ሹም እንኳ የራሱ ጭንቅላት የራሱ አይደለም፤ ሱልጣኑ ሲፈልግ ይወስደዋል፤ የሉካ ሰው ግን የሚገዛው ሕግ ነው። ስኪነር ይህን ክርክር በ1997 ካምብሪጅ ባደረጉት ንግግርና በቀጣዩ ዓመት ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ እንደገና ሕያው አደረጉት። በ2025ም፣ በ84 ዓመታቸው፣ በዚሁ በነጻነትና በጥገኝነት ጉዳይ ሌላ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ።

ይህን ሳነብ አንድ የአማርኛ ቃል ከራሴ አልጠፋ አለ። ደጅ ጥናት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ፊርማ ያስፈልገኝ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ወረቀቴ የተሟላ ነው። መብቴ ነው። ግን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ና። ነገም ስብሰባ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአምስተኛው ቀን ኃላፊው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ደግ ሰው ናቸው። ቀልድ ቀለዱ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀልዱ አላሳቀኝም ነበር። ሳቄ ግን ከልብ የመጣ እንዲመስል ደከምኩ። ስለ ከተማው ጉዳይ አንድ ሐሳብ ጠየቁኝ። የማምንበትን አልተናገርኩም። ፊርማዬን አግኝቼ አመስግኜ ወጣሁ።

ማንም አልከለከለኝም። ማንም አላስፈራራኝም። ያ ሳቅ ግን ለሳምንት ከበደኝ። ስኪነር የሚጠቅሷቸው ሮማውያን ጸሐፊዎች ይህንን ነበር የሚሉት። በሌላ ሰው ፈቃድ ሥር የሚኖር ሰው ሳይነኩት ራሱን ይቆርጣል። የሚናገረውን ይመጥናል። ፊት ያነባል። ማሞገስ ይለምዳል። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሳሉስት በነገሥታት ዓይን ከክፉ ሰው ይልቅ ጎበዝ ሰው ነው የሚጠረጠረው ሲል ይህንኑ እያየ ነው። አገሩ በሙሉ እንዲህ ከሆነ ደፋር ሰው ይጠፋል፣ አሞጋሽ ይበዛል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረታችን ያንኑ ኑሮ ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ነጻነት ስንል መጀመሪያ የሚመጣልን አድዋ ነው። ቅኝ አልተገዛንም። ይህ እውነት ነው፤ እኮራበታለሁም። ስኪነር የሚያጠኗቸው ጸሐፊዎችም ነጻ አገር ማለትን ይወዱ ነበር። ለእነሱ ግን ነጻ አገር ማለት የውጭ ጌታ የሌለበት ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ሰው በአንድ ሹም መልካም ፈቃድ የማይኖርበትም ነው። የመጀመሪያውን አግኝተን ሁለተኛውን ያላገኘን ሕዝብ ነን ብዬ አስባለሁ። አንዱን ቃል ለሁለቱም ስለምንጠቀም ልዩነቱ ዓይናችን ላይ አይወድቅም።

ወደ አፈወርቅ ልመለስ። መጽሐፋቸው ደጅ እየጠና ነው ብያለሁ። በ1912 ሌላ ወጣት መለሰላቸው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላሉ፤ አድዋ አካባቢ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ሄደው በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ያደጉ። ስለ አጼ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚያስተውል ልብ፣ የማያዳላ ፍርድ፣ የጠራ አገላለጽ ያስፈልገዋል አሉ። የእኛ ጸሐፊዎች ግን ትንሹን ሥራ ያገዝፋሉ፣ ለወደዱት ያደላሉ ብለው ወቀሱ። ይህን ብቻውን ብትጠቅሰው ለተማሪ የሚሰጥ መልካም ምክር ይመስላል። ከአፈወርቅ መጽሐፍ አጠገብ ስታስቀምጠው ግን ጥቃት ነው። ከዚያም በላይ፣ ምኒልክ በደዌ ተኝተው ልጅ ኢያሱ ወራሽ በሆኑበት ጊዜ የተጻፈ ነው። አዲሱ ገዢ ዙሪያውን በአሞጋሽ ከመከበቡ በፊት፣ ውሸት የማይነግረው ሰው እንዲሰማ የሚማጸን ጽሑፍ ነው። ገብረ ሕይወት በ1919 ገና በ33 ዓመታቸው ሞቱ። ሁለቱም ሰዎች በተለያየ ጊዜ የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ለገዢ እንዴት እንደሚጻፍ ግን ፈጽሞ ያልተስማሙ ሁለት ሰዎች።

እነዚህን ሰዎች እንደ ሐውልት ሳይሆን እንደ ተከራካሪ እንድናያቸው ብዙ የደከሙት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው። በ2002 ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለውጥ ምሁራን፣ በ2014 ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ያወጧቸው መጻሕፍት ጥቅስ ለሚያጋራ ወጣት ሁሉ ቢደርሱ እመኛለሁ። ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ መሆኑ አንዱ ችግር ነው።

በስኪነር ላይ የሚነሳ ወቀሳ አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። አንደኛው፣ ጽሑፍ ሁሉ የዘመኑ መልስ ብቻ ከሆነ ለምን እናነበዋለን? የሚል ነው። ስኪነር የሚመልሱት፣ የድሮው ሰው እንደ እኛ ስለማያስብ ነው የሚጠቅመን ብለው ነው። ስለ ነጻነት ያለን ሐሳብ ብቸኛው እንዳልሆነ ያሳየናል። ይህ መልስ አጥግቦኛል። ሁለተኛው ወቀሳ ግን ይቀራል። የእሳቸው ዓለም ፍሎረንስና ለንደን ናት። ሴቶች በብዛት የሉበትም፤ አፍሪካ የለችበትም። ከዚህ በላይ ደግሞ ዘዴያቸው ብዙ ወረቀት የተረፈለት አገር ዘዴ ነው። ለአንድ የማኪያቬሊ ዓረፍተ ነገር በዙሪያው መቶ መጽሐፍ ማስቀመጥ ይቻላል። ለእኛ ክብረ ነገሥትስ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የሰሎሞን ዘር ነን ያሉት ነገሥታት ዙፋን ከያዙ ብዙም ሳይቆይ መዘጋጀቱን እናውቃለን። የኢትዮጵያን ንጉሥ ከሮም ንጉሥ ማስበለጡንም እናያለን። በዙሪያው የነበረው ክርክር ግን አብዛኛው ጠፍቷል።

ጠፍቷል ስል ሁሉም አይደለም። ጣና ላይ ያሉት ገዳማት፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ያስቀመጡት ብራና ብዙ ነው። የሚገርመኝ ደግሞ ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ ኅዳጉ ነው። በወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የመሬት ርስት ክፍፍል፣ የዕቃ ቆጠራ፣ ውል ይጻፋል። ማን ለማን ምን እንደሰጠ፣ ማን በማን ሥር እንደነበረ እዚያ አለ። ስኪነር ከክርክር ወረቀት ያገኙትን እኛ ከኅዳግ ልናገኘው እንችላለን።

እንዲያውም አንድ ሰው አግኝቶታል። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ በ2004 ስለ ምሥራቅ ጎጃም ባሳተሙት ጥናት፣ በቤተ ክርስቲያን የመሬት መዝገቦች ውስጥ የሚመላለስ አንድ ቃል ተከታትለዋል። ቃሉ «ዜጋ» ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃም ዜጋ ማለት የዛሬው ትርጉም አልነበረውም። ዜጋ ማለት መሬት የሌለው፣ በጌታ ሥር ያለ፣ ለጌታው የሚሠራ ጥገኛ ሰው ነበር። ዛሬ ቃሉ ተገልብጧል። የመንግሥት ባለቤት፣ መብት ያለው፣ ማንም የማያዝዘው ሰው ማለት ሆኗል። በየትኛው ዓመት፣ በማን ብዕር፣ ከማን ጋር በተደረገ ክርክር ቃሉ እንደተገለበጠ የሚያሳይ ሙሉ ታሪክ ቢጻፍ፣ እኔ የመጀመሪያው አንባቢ እሆናለሁ።

ያን ጥናት ካነበብኩ በኋላ ያ መሥሪያ ቤት ትዝ አለኝ። አምስት ቀን የተመላለስኩበት ኮሪደር ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ሰሌዳ ነበር። አገልግሎቱ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ በሠንጠረዥ ተዘርዝሯል። ከላይ በደማቅ ፊደል «የዜጎች ቻርተር» ይላል። እኔ ከሥሩ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በሩ ሲከፈት ለመነሳት እዘጋጅ ነበር።